ምዕራፍ 6፦ «ሰነፈች»፣ «ጠገበ» ከማለታችን በፊት

በአፍላ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ጠባዩ ሲለወጥ ከወላጅ አፍ ቶሎ የሚወጡ ሁለት ፍርዶች አሉ። ሴቷ «ሰነፈች» ትባላለች፤ ወንዱ «ጠገበ» ይባላል። አንዳንዴ እውነትም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ፍርዱ የሚሰጠው ምንም ሳይጣራ ነው። ስንት ሰዓት ይተኛል? ምን ይበላል? ደሟ ተመርምሮ ያውቃል? በልቡ ምን ይዞ ነው የሚውለው? በእኔ እምነት የልጁ ሰውነት ሳይታይ በጠባዩ ላይ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ጠዋት ተቀስቅሳም አትነሳም። ቁርስ አያሰኛትም፤ ሻይ ብቻ ፉት ብላ ትወጣለች። ምሳ ዕቃዋ ግማሹ ሳይነካ ይመለሳል። ከትምህርት ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ጥላ ትጋደማለች፤ ዕቃ እጠቢ ስትባል ትነጫነጫለች። ትምህርት ቤት ደረጃ ስትወጣ ልቧ እየመታ መሀል ላይ ቆም እንደምትል ግን ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም። የታችኛውን የዓይን ሽፋኗን በጣት ሳብ አድርጎ ያየ ሰው ውስጡን ነጣ ብሎ ያገኘዋል። የወር አበባዋ ከ7 ቀን በላይ ይቆያል፤ በበረታባት ቀን በየሰዓቱ ሞዴስ ትቀይራለች። ይህን እናቷ ካልጠየቀቻት አትናገርም። የሁሉም ሴት እንዲያ የሚመስላት ልጅ ብዙ ናት።

ይህች ልጅ ሰነፍ ላትሆን ትችላለች፤ ደም አንሷት ሊሆን ይችላል። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጃገረድ በቀን 15 ሚሊግራም ያህል አይረን ያስፈልጋታል፤ በዚሁ ዕድሜ ያለ ወንድ 11 ይበቃዋል። ሁለቱም በፍጥነት እያደጉ ነው፤ እሷ ግን በየወሩ ደም ይፈሳታል።

«ጤፍ እየበላች እንዴት ደም ያንሳታል?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጤፍ አይረን አለው፤ ከሚለካው አይረን ከፊሉ ግን በአውድማ ከአፈር የተቀላቀለ ስለሆነ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። ከእህልና ከአትክልት የሚገኘው አይረን ራሱ ከሥጋው ይልቅ ወደ ደም ለመግባት ይቸገራል። ደግነቱ እናቶቻችን ሊጡን ያቦኩታል፤ መቦካቱ አይረኑን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። በምስሩና በጎመኑ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ከሽሮው ጋር ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ማቅረብም ይረዳል፤ ቫይታሚን ሲ አይረኑን ወደ ደም ያሻግረዋል። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ያግዱታል፤ ከማዕድ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቁ። በጾም ወራት ሥጋ ከገበታ ስለሚነሳ ይህ ሁሉ የበለጠ ያስፈልጋል።

ከዚያ በፊት ግን ምርመራ ይቅደም። የሄሞግሎቢን ምርመራ ቀላል ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ከ12 በታች ከሆነች ደም አንሷታል ይባላል። መንስኤው የምግብ ማነስ፣ የወር አበባ ብዛት ወይም የአንጀት ትል ሊሆን ስለሚችል ኪኒን በግምት አትግዙላት። ጤና ጣቢያ ከሄዳችሁ አይቀር የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ወስዳ እንደሆነም ጠይቁ፤ በሀገራችን ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም ነው።

እንቅልፍም ሌላው ያልተጣራ ጉዳይ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ችግሩ በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሆርሞን ዘግይቶ መመንጨቱ ነው፤ ልጁ ምሽት 5 ሰዓት ላይ ዓይኑ ቢፈጥ እልኸኛ ሆኖ አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሳ ታዲያ ያለ ምንም ጥፋት 7 ሰዓት ብቻ ተኛ ማለት ነው። በዚህ ላይ ቲክቶክና ቴሌግራም ሲጨመሩ 5 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሌሊት ስልክ ሁሉ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፤ የአባትም የእናትም ስልክ አብሮ ካልተቀመጠ ግን ሕጉ አንድ ሳምንት አይቆይም።

ለፈተና ብሎ እንቅልፉን የሚሠዋውን ልጅ ጭንቀት አቅልለን አንየው። በ2015 ዓ.ም ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ታናናሾቻቸው ይህን ሰምተዋል፤ ፍርሃታቸው መሠረት አለው። ቢሆንም አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት የተጠናውን ያባክናል። «የእከሌ ልጅ እኮ አልተኛም» የሚለው ማነጻጸር ደግሞ በጭንቀቱ ላይ ኀፍረት ከመጨመር በቀር ጥቅም አላየሁበትም።

አሁን «ጠገበ» ወደተባለው ልጅ እንምጣ። በር ያላትማል፣ ሲጠሩት አይመልስም፣ በትንሹ ይቆጣል። ግፊትን ገትቶ ነገን የሚያሰላው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 25 ዓመት አካባቢ ድረስ እየበሰለ ነው የሚሄደው፤ የስሜቱ ክፍል ግን ቀድሞ ይነቃል። ስለዚህ ከቁጣው ጥቂቱ የዕድሜው ነው። ሌላም ነገር ግን ልብ በሉ፦ በዚህ ዕድሜ ድብርት ሁልጊዜ በለቅሶ አይገለጥም፤ ብዙ ጊዜ በብስጭት ይመጣል።

እንዲህ ያለውን ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጦ «ምን ሆነሃል? ተናገር!» ማለት አፉን ይዘጋዋል። አብሮ እየሠሩ፣ ጎን ለጎን እየሄዱ መነጋገር ይቀላል። አባት ሽንኩርት እየላጠ፣ ልጁም እየከተፈ፦

«ቅዳሜ ኳስ አልሄድክም።»

«አልሄድኩም።»

«ሰሞኑን ዝምታህን እያየሁ ነው። አልቆጣም፤ ስትፈልግ ትነግረኛለህ።»

ከዚህ በኋላ አባት ዝም ይበል። ልጁ ዛሬ ላይናገር ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን ሊመጣ ይችላል። ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የምክር አይደሉም፤ የመስማት ናቸው። «በእኛ ጊዜ እኮ» ብሎ መጀመር ጨዋታውን ያፈርሰዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት። መከፋቱ 2 ሳምንት ካለፈ፣ የሚወደውን ነገር ከተወ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ውጤቱ በድንገት ከወረደ ወይም ሰውነቱን ከጎዳ ዕድሜው ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ስለ ሞት የሚያወራ ከሆነ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ብቻውን የተሸከመውን እንዲያካፍላችሁ መንገድ ይከፍትለታል። አስቤ አውቃለሁ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በቤት ያለውን የተባይ ማጥፊያና መድኃኒት ሁሉ ቆልፉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

አማኑኤል ሆስፒታልን ስሙን ብቻ ሰምተው «ልጄ አላበደም» ብለው የሚሸሹ ወላጆች አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ልጁን ሕክምና ያስቀርበታል። የአእምሮ ሕክምና በሌሎች ሆስፒታሎችም ስለሚሰጥ ከቤታችሁ በሚቀርበው ጀምሩ። ጸበል የሚወስድ ቤተሰብም ጸበሉንና ሕክምናውን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል። መድኃኒት ከታዘዘለት ለውጡ እስኪታይ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል፤ ተሻለው ብላችሁም ሆነ አልረዳውም ብላችሁ ሐኪሙን ሳታማክሩ አታስቁሙት።