ከጎተራ እስከ መሶብ፦ በቤት ውስጥ የሚባክነውን እህልና ምግብ ስለ መቀነስ

መግቢያ

የእህል ምርትን ስለ ማሳደግ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ የበሬ ጉልበትና የዝናቡ ሁኔታ ነው። ገበሬውም ሆነ የልማት ሠራተኛው ምርቱን የሚለካው አውድማ ላይ በኩንታል ነው። ይሁን እንጂ ቤተሰቡ የሚመገበው አውድማ ላይ የተለካውን ሳይሆን መሶብ ላይ የደረሰውን ነው። በአውድማና በመሶብ መካከል ነቀዝ፣ አይጥ፣ እርጥበትና ሻጋታ ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

ጉዳቱን ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት እንውሰድ። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ 10 ኩንታል በቆሎ ወደ ጎተራ አስገባ እንበል። ከዚህ ውስጥ ከአሥር አንዱ እጅ ቢበላሽ 1 ኩንታል ይጠፋል። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ቢታሰብ ለቤተሰቡ በቀን ሁለት ኪሎ ተኩል ያስፈልጋል። ስለዚህ የጠፋው 1 ኩንታል የ40 ቀን ቀለብ ነው። ይህም ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ነሐሴ 10 ቀን ያለው ጊዜ ማለት ሲሆን፣ አዲሱ እህል ያልደረሰበትና የገበያ ዋጋ የሚወደድበት ወቅት ነው።

ጉዳቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። ብዙ ገበሬዎች «ነቀዝ ከሚበላው ልሽጠው» በማለት እህላቸውን ገበያው በጠገበበት በታኅሣሥና በጥር በርካሽ ይሸጣሉ፤ በክረምት ደግሞ ያንኑ ዓይነት እህል በውድ ዋጋ መልሰው ይገዛሉ። ስለዚህ እህልን በቤት ማቆየት መቻል ቀለብን ከማዳኑም በላይ ገበሬው በፈለገው ጊዜ እንዲሸጥ ያስችለዋል።

ከብክነት የዳነ እህል ተጨማሪ መሬት አይጠይቅም፤ ተጨማሪ ማዳበሪያ፣ የበሬ ጉልበት ወይም ዝናብም አይፈልግም። ድካሙና ወጪው አስቀድሞ የተፈጸመበት ምርት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህንን ምርት ለማዳን የሚረዱ፣ በአነስተኛ ወጪ የሚሠሩ ዘዴዎችን ለአባሎቻቸው እንዲያስተምሩ ነው።

ብክነት የሚደርስበት ቦታ

የምግብ ብክነት የዓለም ሁሉ ችግር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በመላው ዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ በቤቶች፣ በምግብ ቤቶችና በመደብሮች ባክኗል። ከዚህ ውስጥ 60 ከመቶው የባከነው በመኖሪያ ቤቶች ነው። የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮችም እ.ኤ.አ. በ2014 በማላቦ ባደረጉት ስብሰባ ከአጨዳ በኋላ የሚደርሰውን ብክነት እስከ 2025 ድረስ በግማሽ ለመቀነስ ተስማምተው ነበር።

በገጠር ቤት ብክነቱን ከገበታው ትራፊ ላይ ብቻ መፈለግ አይገባም። የገበሬው ቤት የምግብ ቤት ብቻ ሳይሆን የእህል መጋዘንም ነው። ስለዚህ ብክነቱን በሦስት ቦታዎች መከታተል ያስፈልጋል። እነዚህም በጎተራ የሚቀመጠው እህል፣ በመሶብ የሚቀመጠው እንጀራና በዕቃ የሚጠራቀመው ወተት ናቸው።

1. እህሉ ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት

የበቆሎና የማሽላ ነቀዝ ወደ እህሉ የሚገባው ጎተራ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ እህሉ ገና በማሳ ላይ ሳለ ሊጀምረው ይችላል። እንስቷ ነቀዝ ቅንጣቱን በስታ እንቁላሏን ታስቀምጥና ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ የሚያድገው በቅንጣቱ ውስጥ ተሸሽጎ ነው። በሞቃት አካባቢ አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሙሉ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሲከተት ንጹሕ የሚመስል እህል ከሁለት ወር በኋላ ተበሳስቶ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። በደጋ ቅዝቃዜው የነቀዙን እድገት ስለሚያዘገየው ጉዳቱ ያንሳል። ጤፍ ደግሞ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ አያጠቃውም። አንዳንድ ገበሬዎች ጤፍን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡትም ደቃቁ ጤፍ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙ እንዳይንቀሳቀስ ስለሚያግድ ነው።

በመሆኑም ከመክተት በፊት የሚከተሉት ይፈጸማሉ።

ሀ) እህሉ እንደ ደረሰ ሳይዘገይ ይሰበሰባል፤ በማሳ በቆየ መጠን ለነቀዝ፣ ለወፍና ላልታሰበ ዝናብ ይጋለጣል።

ለ) የተበሳው፣ የተሰበረውና የሻገተው ተለቅሞ ይወጣል።

ሐ) እህሉ በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በሰሌን ላይ ሳስቶ ተሰጥቶ በፀሐይ ይደርቃል።

መ) መድረቁ ይፈተናል። በጥርስ መንከስ የተለመደ ቢሆንም በጨው መፈተን ይበልጥ ያስተማምናል። ክዳን ያለው ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ሲሦው ድረስ እህል ይጨመርበታል። ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ በጣም ደረቅ የሆነ ደቃቅ ጨው ይታከልበታል። ከዚያም ተከድኖ አንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ከተናጠ በኋላ ለ15 ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከ15 ከመቶ በላይ ስለ ሆነ እንደገና መሰጣት አለበት። ጨው ባይጣበቅም እህሉ በሚገባ ደርቋል ማለት አይደለም። በቆሎ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ እርጥበቱ ከ13 ከመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያስፈልግ፣ ፈተናውን ካለፈ በኋላም አንድ ወይም ሁለት ቀን ጨምሮ ፀሐይ ማስመታት ይገባል።

2. የማከማቻ አያያዝ

አሮጌ እህል ባለበት ጎተራ ላይ አዲስ እህል መጨመር ነቀዙን ማዛመት ነው። ጎተራው በየዓመቱ ባዶ ሆኖ ይጠረጋል። ስንጥቁ በጭቃና በእበት ይመረጋል። ጥራጊውም ከቤት ርቆ ይቃጠላል።

አይጥን ለመከላከል የጎተራው እግሮች ቁመት ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ይሁን። በእያንዳንዱ እግር ላይም አይጥ መውጣት እንዳትችል በቆብ መልክ የተሠራ ቆርቆሮ ይደረጋል። ጎተራው ከቤት ግድግዳ፣ ከዛፍና ከአጥር ቢያንስ አንድ ሜትር መራቅ አለበት፤ አለበለዚያ አይጧ ዘላ ስለምትደርስበት ቆርቆሮው አይጠቅምም።

እህልን ያለ መድኃኒት ለማቆየት ጥሩ ሆኖ የተገኘው ዘዴ አየር በማያስገባ ዕቃ ማስቀመጥ ነው። ሐሳቡ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። በሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ ይቀበራል፤ በደቡብም ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖና ተጭኖ በጉድጓድ ይቆያል። የጉድጓዱ ጉድለት ከአፈሩ የሚገባው እርጥበት ዳር ዳሩን ያለውን እህል ማሻገቱ ነው። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ግን ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲኮች፣ ከውጭ ደግሞ የተለመደው የማዳበሪያ ዓይነት ጆንያ ስላለው እርጥበትንም አየርንም ያግዳል። አፉ ከታሰረ በኋላ በውስጡ ያሉት ነቀዞች ራሳቸው አየሩን ተጠቅመው ይጨርሱትና መብላትና መራባት አቁመው ይሞታሉ። አጠቃቀሙ እንደሚከተለው ነው።

ሀ) ሁለቱም ላስቲኮች በአየር ተነፍተው ቀዳዳ እንደሌላቸው ይመረመራሉ።

ለ) በሚገባ የደረቀው እህል በውስጠኛው ላስቲክ ይሞላል፤ አየሩ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ አፉ ተጠምዝዞና ታጥፎ ይታሰራል። ሁለተኛው ላስቲክና ጆንያውም በየተራ እንዲሁ ይታሰራሉ።

ሐ) ከረጢቱ በመሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

መ) በየቀኑ መክፈት አይገባም፤ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል። የወር ያህል ቀለብ በአንድ ጊዜ ወጥቶ ከረጢቱ ወዲያው ተጨምቆ መታሰር አለበት።

ከረጢቱ ለበቆሎና ለማሽላ ብቻ ሳይሆን ለቦሎቄ፣ ለሽምብራና ለባቄላም ያገለግላል። በአይጥ እንዳይቀደድ ከተጠበቀና ካልተበሳ በሚቀጥለው ዓመት መልሶ መጠቀም ይቻላል።

3. የመድኃኒት ጥንቃቄ

በየገበያው «የነቀዝ ክኒን» እየተባለ የሚሸጠው ፎስፋይድ በጣም አደገኛ መርዝ ነው። ክኒኑ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚተኛበት ቤት በተራ ጆንያ ውስጥ ከተጨመረ ጋዙ ከጆንያው እየወጣ የተኙትን ሰዎች ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ክኒኑን የሠለጠነ ሰው፣ ሰው በማይኖርበትና ሊታፈን በሚችል መጋዘን ካልሆነ በስተቀር ማንም ሊጠቀምበት አይገባም። ለሰብል ማሳ የተዘጋጀ ማንኛውም መድኃኒት ደግሞ በምግብ እህል ላይ ፈጽሞ መጨመር የለበትም።

4. ሻጋታ

የሻገተን እህል አጥቦ ወይም ቆልቶ መብላት ብክነትን መቀነስ አይደለም። አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ በመቀቀል፣ በመቁላት ወይም በመጋገር ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጉበትን ይጎዳል፤ ለሕፃናትም በተለይ አደገኛ ነው። የሻገተ እህል ወይም እርጥበት የነካው የኑግ ፋጉሎ ለምትታለብ ላም ሲሰጥም መርዙ ወደ ወተቱ ያልፋል። ስለዚህ የሻገተውን ለከብት መስጠት ጉዳቱን መልሶ ወደ ቤተሰቡ ማምጣት ነው። መፍትሔው አስቀድሞ ማድረቅ ነው።

5. እንጀራ

እንጀራ ብዙ እርጥበት ስላለው በተራ አያያዝ ከሦስት እስከ አራት ቀን ቆይቶ ይሻግታል። በቆላ ከዚያም ሊፈጥን ይችላል። በየቀኑ መጋገር ብዙ ማገዶ ስለሚፈጅ ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚሆን ምክር አይደለም። ይልቁንም የሚከተሉትን መፈጸም ይጠቅማል።

ሀ) የሚጋገረው መጠን ለሦስት ቀን በሚበቃ ይወሰናል። የቤት እመቤቷ በየጊዜው የሚተርፈውን ቆጥራ በሚቀጥለው ሊጡን ትቀንሳለች።

ለ) እያንዳንዱ እንጀራ ከምጣድ ሲወጣ በሰፌድ ላይ በርዶ ይደራረባል። ትኩሱ ሲደራረብና ሲከደን እንፋሎቱ ወደ ውኃነት ተለውጦ ሻጋታን ይጋብዛል።

ሐ) መሶቡ ከፍርፋሪ ተራግፎ በፀሐይ ይደርቃል። አሮጌው እንጀራ ከአዲሱ ጋር አይቀላቀልም፤ ሻጋታው ይጋባልና።

መ) እንደማይበላ የታወቀ እንጀራ ከመሻገቱ በፊት ተቆራርጦ በንጹሕ ሰሌን ላይ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። በሚገባ የደረቀ ድርቆሽ እርጥበት በማያገኘው ዕቃ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል፤ ለፍርፍርና ለመንገድ ስንቅም ያገለግላል። ድርቆሽ መደረግ ያለበት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እንጂ ሻጋታ ከታየ በኋላ አይደለም።

6. ወተት

በክርስቲያኑ አካባቢ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ወተት ገዢ ያጣል፤ ላሚቱ ግን መታለቧን አታቆምም። በዚህ ወቅት ወተቱ ረግቶና ተንጦ ቅቤው ከወጣ፣ ቅቤውም ከተነጠረ እስከ ፋሲካና ከዚያም በላይ ይቆያል። ከአሬራው አይብ ይወጣል፤ አጓቱም ለጥጃ ይሆናል። የወተት ዕቃን በሚገባ አጥቦ በወይራ ማጠን ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ስለሚረዳ ሊበረታታ የሚገባው ልማድ ነው።

7. የልማት ሠራተኛውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ድርሻ

ገበሬው ከሚሰማው ይልቅ የሚያየውን ያምናል። ስለዚህ በየቀበሌው በአንድ ፈቃደኛ አባል ቤት ማሳያ ማዘጋጀት ይጠቅማል። ከአንድ ማሳ የተገኘ፣ በሚገባ የደረቀ 2 ኩንታል በቆሎ ይቀርባል። አንዱ ኩንታል በተራ ጆንያ፣ ሌላው አየር በማያስገባ ከረጢት በታኅሣሥ ይታሰራል። በሚያዝያ አባላቱ ተሰብስበው ሁለቱም ይከፈታሉ። ከየከረጢቱ 100 ቅንጣት ሳይመረጥ ተወስዶ የተበሳው ይቆጠራል፤ ሁለቱም ኩንታሎች በሚዛን ይመዘናሉ። ልዩነቱን በወቅቱ የገበያ ዋጋ አስልቶ ከከረጢቱ ዋጋ ጋር ማነጻጸር ከረጅም ንግግር ይልቅ ያስተምራል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከአጨዳ በፊት የአባሎቻቸውን ፍላጎት መዝግበው ከረጢቶችን በአንድነት ቢገዙ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ከረጢቱም በወቅቱ ይደርሳል። ከአጨዳ በኋላ የሚመጣ ከረጢት ነቀዙ ከጀመረ በኋላ የሚደርስ ነው። የመሰጫ ሸራም በማኅበሩ ተገዝቶ አባላት በተራ ሊገለገሉበት ይችላሉ።

የልማት ሠራተኛው ትምህርቱን ለአባወራው ብቻ ቢሰጥ ሥራው ከግማሽ አያልፍም። እህሉን ከጎተራ የምታወጣው፣ የምትለቅመው፣ የምታስፈጨውና የምትጋግረው በአብዛኛው ሴቷ ናት። መጀመሪያ ነቀዝ የምታየውም እርሷ ናት። ስለዚህ ማሳያው ሲከፈትና ስለ ከረጢቱ ግዥ ሲወሰን ሴቶች መገኘት አለባቸው።

ማጠቃለያ

እህልን በደንብ ማድረቅ፣ ጎተራን አጽድቶ አይጥ እንዳይደርስበት ማድረግ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ማስቀመጥ፣ እንጀራን አብርዶ መደራረብና የሚተርፈውን ሳይሻግት ማድረቅ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ አቅም በላይ አይደሉም። ከላይ በተሰጠው ስሌት መሠረት የዳነ አንድ ኩንታል የአንድ ቤተሰብ የ40 ቀን ቀለብ ነው። አንድ መቶ አባላት ያሉት ማኅበር እያንዳንዱ አባል አንድ ኩንታል ቢያድን 100 ኩንታል እህል አንድም ጥማድ መሬት ሳይጨመር ይገኛል። የልማት ሠራተኛውም በአውድማ ከሚመዘግበው ኩንታል ጎን ለጎን፣ በሐምሌ በየጎተራው የቀረውን መመዝገብ ይገባዋል።