ቦኔር፡ የጎብኚዎች ክፍያ የባሕር ሀብቷን የታደገላት ደሴት

የተፈጥሮ ሀብትን በሕግ መከለል ብቻውን ለጥበቃው ዋስትና አይሆንም። ሕጉን የሚያስፈጽም የሰው ኃይልና ዘላቂ የገቢ ምንጭ ካልተገኘ ክልሉ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። በካሪቢያን ባሕር ደቡባዊ ክፍል የምትገኘው ትንሿ የቦኔር ደሴት ይህን በራሷ ላይ ከደረሰው ተረድታ መፍትሔ ያበጀች በመሆኗ ተሞክሮዋ በቱሪዝምና በተፈጥሮ ጥበቃ ዘርፍ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል።

ቦኔር ከቬንዙዌላ የባሕር ጠረፍ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ሲሆን፣ የቆዳ ስፋቷ 290 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኔዘርላንድስ አንቲልስ ይባል የነበረው አስተዳደር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2010 ከፈረሰ ወዲህ የኔዘርላንድስ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ሆና ትተዳደራለች። መገበያያዋ ከ2011 ጀምሮ የአሜሪካ ዶላር ነው። ደችኛ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ቢሆንም፣ ሕዝቡ በዕለት ተዕለት ኑሮው የሚግባባው የአውሮፓና የአፍሪካ ቋንቋዎች ተዋህደው በፈጠሩት ፓፒያሜንቱ ነው።

ደሴቲቱ ዝናብ አጠርና ቁልቋል የበዛባት ስትሆን፣ በዓመት የምታገኘው የዝናብ መጠን ከ500 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ለእርሻ ያልተመቸው ይህ ድርቀት ለባሕሯ ግን በጎ አስተዋጽኦ አድርጓል። አፈር ጠርጎ ወደ ባሕር የሚያስገባ ወንዝ ስለሌለ ውሃው እጅግ የጠራ ነው። ነፋሱም ዓመቱን ሙሉ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚነፍስ የምዕራቡ ዳርቻ ማዕበል አይበዛበትም። በዚህ ዳርቻ ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በረጅም ዘመን የገነቡት የኖራ ድንጋይ አለት ከባሕሩ ዳር ጥቂት እርምጃ ርቆ ይጀምራል። አለቱ በሺዎች ለሚቆጠሩ የባሕር ፍጥረታት መጠለያና መመገቢያ ከመሆኑም በላይ የማዕበልን ኃይል ይሰብራል።

የደሴቲቱ ታሪክ በአንጻሩ መራራ ነው። የስፔን መርከቦች እ.ኤ.አ. በ1499 ወደ አካባቢው ሲደርሱ ካኬቲዮ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ይኖሩባት ነበር። ስፔናውያን ወርቅ ባለማግኘታቸው ቦኔርንና ጎረቤቶቿን ኩራሳኦንና አሩባን "የማይጠቅሙ ደሴቶች" ሲሉ ሰየሟቸው። በ1515 ነባሩን ሕዝብ በግዞት ወደ ሂስፓኒዮላ ወስደው ለባርነት ዳረጉት።

ሆላንዳውያን ደሴቲቱን በ1636 የያዙት ጨው ፍለጋ ነበር። ጨው በዚያን ዘመን ዓሣ ሳይበላሽ ለማቆየት የሚያገለግል ከፍተኛ ዋጋ ያለው ሸቀጥ ሲሆን፣ የቦኔር ደቡባዊ ሜዳ ደግሞ የባሕር ውሃን በፀሐይ አትንኖ ጨው ለማምረት እጅግ የተመቸ ነው። ለዚህም ሥራ የሆላንድ ዌስት ኢንዲስ ኩባንያ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎችን አሰማራ። ከኩባንያው መፍረስ በኋላም መንግሥት ሥራውን በዚያው መንገድ ቀጠለበት።

በጨው ማምረቻው አጠገብ በ1850 ገደማ የተሠሩት የድንጋይ ጎጆዎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ጎጆዎቹ አንድ ሙሉ ሰው ጎንበስ ሳይል የማይገባባቸው፣ ለመኝታ ብቻ የሚያገለግሉ ጠባብ መጠለያዎች ነበሩ። የሠራተኞቹ ቤተሰቦች ይኖሩ የነበረው በስተሰሜን በምትገኘው ሪንኮን በተባለች መንደር ስለነበር፣ በሳምንቱ መጨረሻ ቤተሰባቸውን ለማየት ለሰዓታት በእግር ይጓዙ ነበር። በኔዘርላንድስ የካሪቢያን ቅኝ ግዛቶች ባርነት የተወገደው ጁላይ 1 ቀን 1863 ነው። ጨው የሚጭኑ መርከቦችን ለመምራት የቆሙት ሐውልቶችና በ1830ዎቹ የተሠራው የመብራት ማማም የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው። ጨው ዛሬም በዚያው ሥፍራ በፀሐይ ኃይል እየተመረተ ወደ ውጭ ይላካል።

ደሴቲቱ ከሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ ባሕር ጠላቂ ጎብኚዎችን መሳብ ስትጀምር፣ ሀብቷን የሚጎዱ ድርጊቶችም አብረው መታየት ጀመሩ። በጦር ዓሣ ማደን፣ ኮራልን ለጌጥ ቆርሶ መውሰድና አለቱ ላይ መልህቅ መጣል ዋና ዋናዎቹ ነበሩ። በጦር ዓሣ ማደን በ1971 በሕግ ተከለከለ። በ1979 ደግሞ በደሴቲቱ ዙሪያ እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ያለውን የባሕር ክፍል በሙሉ የሚያካትት የባሕር ፓርክ ተቋቋመ። ከክራለንዳይክ ከተማ ፊት ለፊት የምትገኘውና ሰው የማይኖርባት የክላይን ቦኔር ደሴት ዙሪያም የፓርኩ አካል ነው።

ይሁን እንጂ ፓርኩ የተመሠረተው በውጭ እርዳታ ላይ ነበር። በ1980ዎቹ የእርዳታው ገንዘብ ሲያልቅ የጥበቃ ሥራው ተዳከመ፤ ሕጉ ባይሻርም የሚያስፈጽመው አካል አልነበረም። በአንጻሩ የጎብኚዎች ቁጥር እየጨመረ ሄደ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓርኩ በኔዘርላንድስ መንግሥት ድጋፍ እንደገና ሲደራጅ በተለይ ትኩረት የተሰጠው ጉዳይ ራሱን በገቢ እንዲችል ማድረግ ነበር።

በዚህም መሠረት በ1992 እያንዳንዱ ባሕር ጠላቂ በዓመት 10 ዶላር እንዲከፍል ተደነገገ። ከፋዩ የሚሰጠውን ትንሽ የፕላስቲክ መለያ ከመጥለቂያ መሣሪያው ጋር አስሮ ይታይ ስለነበር ቁጥጥሩ ቀላል ሆነ። ጎብኚዎች በክፍያው ምክንያት ይርቃሉ የሚል ሥጋት የነበረ ቢሆንም፣ በወቅቱ የተካሄደ ጥናት አብዛኞቹ ጠላቂዎች ገንዘቡ ለጥበቃ እስከዋለ ድረስ ለመክፈል ፈቃደኞች መሆናቸውን አሳይቷል።

ክፍያው ከጊዜ ወደ ጊዜ የተሻሻለ ሲሆን፣ በ2023 ለጠላቂዎችም ለሌሎች የባሕሩ ተጠቃሚዎችም በዓመት 40 ዶላር ሆኗል። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ፓርኩን በሚያስተዳድረውና ስቲናፓ በሚባለው ድርጅት ሲሆን፣ ለጠባቂዎች ደመወዝ፣ ለጀልባዎችና ለጀልባ ማሰሪያዎች ጥገና ይውላል። ከ2022 ጀምሮ ጎብኚዎች የሚከፍሉት የመግቢያ ግብር ግን ከዚህ የተለየና ለደሴቲቱ አስተዳደር ገቢ የሚደረግ ነው። ሁለቱ ገቢዎች አለመቀላቀላቸው ጎብኚው የተፈጥሮ ጥበቃ ክፍያው የት እንደሚውል በግልጽ እንዲያውቅ አስችሎታል።

ወደ ቦኔር የሚሄድ ጎብኚ በመጀመሪያ ክፍያውን ይፈጽማል። ጠላቂ ከሆነ ደግሞ ስለ ፓርኩ ደንብ ገለጻ ተደርጎለት ችሎታው ከታየ በኋላ ወደ ሌሎች ሥፍራዎች ይሰማራል። ከ80 በላይ የሆኑት የመጥለቂያ ሥፍራዎች አብዛኞቹ በመንገድ ዳር በተቀመጡ ቢጫ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች ይለያሉ። ጎብኚው መኪናውን አቁሞ በእግሩ ወደ ባሕሩ መግባት ይችላል። ጓንት ማድረግ የተከለከለ ነው፤ እጁ ያልተሸፈነ ሰው ኮራሉን ከመንካት ይቆጠባልና። መልህቅ መጣልም ስለማይፈቀድ ጀልባዎች የሚታሰሩት በተዘጋጁ ማሰሪያዎች ላይ ብቻ ነው። መጥለቅ ለማይፈልጉ የክላይን ቦኔር ነጭ አሸዋ፣ የላክ ወሽመጥ ጥልቀት የሌለው ውሃና በጨው ማምረቻው አካባቢ የሚራቡት ፍላሚንጎ የተባሉ ሮዝ ወፎች የሚጎበኙ ናቸው።

ክፍያው ሁሉንም ችግር አልፈታም። በ2011 ከ15 ሺህ ጥቂት ከፍ ይል የነበረው የነዋሪዎች ቁጥር በ2024 ወደ 25 ሺህ የተጠጋ ሲሆን፣ ከግንባታና ከፍሳሽ ቆሻሻ የሚመጣው ጫና ጨምሯል። በ2023 ኮራልን የሚገድል ተላላፊ በሽታ በደሴቲቱ በመታየቱ ጠላቂዎች መሣሪያቸውን በፀረ ተሕዋስያን እንዲያጸዱ ተደርጓል። የባሕሩ ሙቀት መጨመርም ኮራሉን እያነጣ ይጎዳዋል። ይህን በአንዲት ደሴት ጥረትና በጎብኚዎች ገንዘብ ብቻ መግታት አይቻልም።

ይሁንና የቦኔር ተሞክሮ የሚያሳየው መሠረታዊ ጉዳይ አለ። ፓርኩ በእርዳታ ብቻ በተደገፈበት ጊዜ ሕጉ እያለ ጥበቃው ተቋረጠ፤ ተጠቃሚው እንዲከፍል ተደርጎ ገቢው ለታለመለት ዓላማ ብቻ ሲውል ግን ጠባቂዎቹ በየዓመቱ በሥራ ላይ መገኘት ቻሉ። ስፔናውያን "የማይጠቅሙ" ካሏቸው ደሴቶች አንዷ የሆነችው ቦኔር በዚህ አሠራር ያላትን ሀብት የራሱ ጥበቃ የገቢ ምንጭ አድርጋዋለች።