በዶሮ ቤት ጣሪያ ላይ የተገጠመ የአየር ማውጫ ማራገቢያን መርምሮ መቀየር

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ

በደጋና በወይና ደጋ አካባቢ ጫጩትና ቄብ የሚያሳድጉ አርሶ አደሮች ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ መጋረጃውን አውርደው ቤቱን ይዘጋሉ። ሙቀቱ ይጠበቃል፤ ነገር ግን ከዶሮዎቹ ትንፋሽ የሚወጣው እርጥበትና ከኩሳቸው የሚወጣው አሞኒያ የተባለው ጋዝ ቤቱ ውስጥ ይታፈናል። ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ይህን ችግር ለማቃለል ጣሪያው ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ በሶላር ባትሪ የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ ይገጠማል።

ማራገቢያው ሲቆም ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም። መጀመሪያ ጉዝጓዙ ይረጥባል፤ ቀጥሎ አሞኒያው ይጨምራል። መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ከ25 ክፍል ሲያልፍ የዶሮዎቹ ዓይን ይቆጣል፣ የመተንፈሻ አካላቸው ይጎዳል፣ ዕድገታቸው ይዘገያል። በዚህ ሁኔታ ላይ የመተንፈሻ በሽታ ቢገባ ዶሮዎቹ ለመቋቋም ይቸገራሉ። ስለዚህ የቆመ ማራገቢያን በቶሎ ማስተካከል የመንጋውን ጤና መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ማራገቢያው ቆመ ማለት ሁልጊዜ ማራገቢያው ተበላሸ ማለት አይደለም። ገንዘብ ከማውጣት በፊት መመርመር ያስፈልጋል።

1. ከመግዛትዎ በፊት ይመርምሩ

የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ያከናውኑ።

ሀ. ፊውዙን ይመልከቱ። ተቃጥሎ ከሆነ በተመሳሳይ መጠን ይተኩት። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ሽቦው የሆነ ቦታ ተላልጦ ተነካክቷል ወይም የማራገቢያው ሞተር ተቃጥሏል ማለት ነው። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ማሰር ፈጽሞ አይገባም። ሽቦው ሲግል የሚያርፈው በደረቅ ገለባና በሰጋቱራ ላይ ነው፤ ቤቱን ከነዶሮው ሊያቃጥል ይችላል።

ለ. ባትሪውን ይለኩ። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሳይሠራ ቆይቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከ12 ቮልት በታች ከሆነ ኃይሉ አልቋል። ይህ ከሆነ መጀመሪያ የሶላር ሰሌዳው አቧራ መልበሱን ወይም ዛፍ ማጥላቱን ይመልከቱ።

ሐ. ማብሪያውን አብርተው ማራገቢያው ጋ የሚደርሰውን ኃይል ይለኩ። መለኪያ ከሌለዎት ባለ 12 ቮልት የባጃጅ አምፖል በሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ይሞክሩ። አምፖሉ በደንብ ከበራና ማራገቢያው ካልዞረ ችግሩ ከማራገቢያው ነው። አምፖሉ ካልበራ ወይም ከፈዘዘ ችግሩ ከሽቦው፣ ከማብሪያው ወይም ከመገናኛው ነው። አሞኒያና እርጥበት መዳብን ስለሚበሉት መገናኛው አረንጓዴ ዝገት ይይዛል። ዝገቱን ቆርጠው በአዲስ ማገናኘት ብቻ ማራገቢያውን ሊያስነሳው ይችላል።

መ. ኃይሉን አጥፍተው ማራገቢያውን በእጅ ያዙሩት። በቀላሉ ካልዞረ ወይም ካንገጫገጨ መጀመሪያ አቧራውንና ላባውን በደረቅ ብሩሽ ያጽዱ። ከጸዳም በኋላ ከከበደ መሽከርከሪያው አልቋል፤ መቀየር አለበት።

ሠ. ማራገቢያው በደንብ እየዞረ ቤቱ ከሸተተ አዲስ መግዛት አይጠቅምም። የሚያንጠባጥብ የውኃ መጠጫ፣ የረጠበ ጉዝጓዝ ወይም የተዘጋ የአየር መግቢያ ይፈልጉ።

2. የሚስማማውን መምረጥ

ወደ ገበያ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ካልቻሉ የቀዳዳውን ስፋትና የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት በሚሊ ሜትር ጽፈው ይያዙ። ለምሳሌ 120 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ማራገቢያ የብሎን ቀዳዳዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በ105 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ።

ቮልቱ 12 መሆኑን ያረጋግጡ። ቀጥሎ የሚወስደውን ኃይል ይመልከቱ። ባለ 24 ዋት ማራገቢያ ከ12 ቮልት ባትሪ 2 አምፔር ይወስዳል፤ ባለ 3 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። በሌሊት ለ10 ሰዓት ቢሠራ 20 አምፔር ሰዓት ይጨርሳል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ለዚህ ማራገቢያ ብቻ ቢያንስ ባለ 40 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል።

የአየር መጠኑንም ከቤቱ ጋር ያነጻጽሩ። 6 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ወርድና 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት 60 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በሰዓት 300 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ማራገቢያ የቤቱን አየር በሰዓት አምስት ጊዜ የመቀየር አቅም አለው። ትልቅ ማራገቢያ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም፤ ጫጩት ባለበት ቤት ሌሊት ከመጠን በላይ አየር ማውጣት ሙቀቱን ይጨርሰዋል። በተቻለ መጠን አቧራና ውኃ የሚቋቋም ዓይነት ይምረጡ።

3. አሮጌውን ማውጣት

ሥራው ዝናብ በሌለበት ቀን፣ የጧት ጤዛ ከደረቀ በኋላ ተጀምሮ ከምሽቱ ቅዝቃዜ በፊት ይጠናቀቅ። የመጀመሪያ ሳምንት ጫጩቶች ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ስለሚፈልጉ ጣሪያው ተከፍቶ ማደር የለበትም። ከክረምት በፊት፣ በግንቦት ውስጥ መሥራት ይመረጣል።

ዶሮዎቹን ከሥራው ቦታ ያርቁ፤ ጉዝጓዙ ላይም ሸራ ያንጥፉ። ዶሮ የሚያብረቀርቅ ነገር ስለሚለቅም የወደቀ ብሎን፣ የሽቦ ቁራጭና የቆርቆሮ ፍቅፋቂ አንጀቱን ሊበሳው ይችላል።

ማብሪያውን አጥፍተው ፊውዙን ያውጡ። ባትሪውን መንቀል ካስፈለገ መጀመሪያ የሶላር ሰሌዳውን ከመቆጣጠሪያው ይለዩ፤ ቀጥሎ ባትሪውን ይንቀሉ። ሲመልሱ ባትሪው ይቅደም፤ ሰሌዳው ይከተል።

ጣሪያ ላይ ሲወጡ መሰላሉን ሰው ይያዝልዎ። ምስማር በተመታበት መስመር ላይ ብቻ ይርገጡ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። ሽቦዎቹን ከመፍታትዎ በፊት የትኛው አዎንታዊ፣ የትኛው አሉታዊ እንደሆነ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ብሎኖቹን ፈትተው ማራገቢያውን ያውጡ፤ የደረቀውንም ማሸጊያ ፍቀው ያስወግዱ።

4. አዲሱን መግጠምና ዝናብ እንዳይገባ ማድረግ

በክፈፉ ላይ ያለው ቀስት አየሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ ቀስቱ ወደ ውጭ ማመልከት አለበት። ሽቦዎቹን በምልክቱ መሠረት ያገናኙ። ቢገለባበጡ አንዳንዱ ማራገቢያ ወደ ኋላ ዞሮ አየር ወደ ውስጥ ይነፍሳል፤ ሌላው ጨርሶ አይዞርም ወይም ይቃጠላል። መገናኛውን በናስትሮ በደንብ ይጠቅልሉ። ሽቦው ወደ ማራገቢያው ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች እንዲንጠለጠል ይተዉት፤ ውኃ በሽቦው ተከትሎ ቢመጣ እዚያ ይንጠባጠባል።

ጣሪያ የሚያፈሰው በአብዛኛው በጠርዝ በኩል ነው። በቀዳዳው ዙሪያ የሚቀመጠው ላሜራ የላይኛው ጠርዝ ከላይ ባለው ቆርቆሮ ሥር መግባት አለበት፤ የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ከታችኛው ቆርቆሮ በላይ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ውኃው በላዩ ያልፋል እንጂ ከሥሩ አይገባም። ብሎን የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይመታም። ሲሊኮን የሚይዘው በደረቅና በንጹሕ ቆርቆሮ ላይ ብቻ ስለሆነ ጠርገው ይቀቡ፤ አንድ ቀንና ሌሊትም ይድረቅ።

የዱር ወፍ እንዳይገባ ቀዳዳውን 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዓይን ባለው ወንፊት ሽቦ ይሸፍኑ። የወባ ትንኝ መከላከያ ዓይነት ደቃቅ ወንፊት በአቧራ ቶሎ ስለሚደፈን አይመከርም።

5. ሥራውን መፈተሽ

ማራገቢያው የሚያወጣው የገባለትን አየር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ጎን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የአየር መግቢያ ይኑር። ቀዝቃዛው አየር ከላይ ገብቶ ከሞቃቱ ጋር ከተቀላቀለ ጫጩቶቹን በቀጥታ አይመታም። ቀጭን የጨርቅ ክር በመግቢያው አጠገብ ያንጠልጥሉ፤ ማራገቢያው ሲበራ ክሩ ወደ ውስጥ ካዘነበለ አየሩ በትክክል እየሄደ ነው።

ሲሊኮኑ ከደረቀ በኋላ ከቀዳዳው በላይ ባልዲ ውኃ ያፍስሱና ከውስጥ የሚንጠባጠብ መኖሩን ይዩ።

በሚቀጥሉት ቀናት ጧት ወደ ቤቱ ሲገቡ ወዲያው በጫጩቶቹ ቁመት ልክ ቁጢጥ ብለው ያሽትቱ። አፍንጫ ቶሎ ስለሚለምድ የመጀመሪያው ሽታ ነው የሚታመነው። ጉዝጓዙንም በእፍኝ ጨብጠው ይልቀቁት። ተጣብቆ እንደ ኳስ ከቀረ ረጥቧል፤ ትንሽ ተያይዞ ከተፈረፈረ ደህና ነው፤ ጨርሶ ካልተያያዘና ከቦነነ በጣም ደርቋል።

6. እንክብካቤ

ማራገቢያውንና ወንፊቱን በየሳምንቱ ኃይሉን አጥፍተው በደረቅ ብሩሽ ያጽዱ። መገናኛዎቹን በየወሩ ይመልከቱ። ቀን ላይ ሲሞቅ መጋረጃውን ይክፈቱ፤ ዶሮ ላብ ስለማያልበው ሙቀቱን የሚያስወግደው በማለክለክ ነው፤ ለዚህም ብዙ አየር ይፈልጋል። ማራገቢያው መሥራቱ ክትባትን እንደማይተካም ይታወቅ። የሚያስሉ ወይም ሲተነፍሱ የሚያጓሩ ዶሮዎች ካሉ ለቀበሌዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በቶሎ ያሳውቁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ማራገቢያው ቢቆም መጀመሪያ ምን ይመለከታሉ? ለምን?
2. በእርስዎ የዶሮ ቤት አየር የሚገባው በየት በኩል ነው? ሌሊትስ ክፍት ነው?
3. የቤትዎን የአየር መጠን አስልተው ካለዎት ማራገቢያ አቅም ጋር ያነጻጽሩ።