ነርሷና መምህሩ



በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በገለምሶና በበዴሳ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በየትምህርት ቤቱ የሆድ ትልና የቢልሃርዚያ መድኃኒት የማደል ሥራ በአገር ደረጃ ተጀመረ። የቢልሃርዚያው በባዶ ሆድ ከተዋጠ ያቅለሸልሻል፤ ሆድ ይቆርጣል። ስለዚህ ነርሷ ቀኑን አስቀድማ ትናገራለች። «ልጆቹ ቁርስ በልተው ይምጡ» ትላለች።

አንዳንድ መምህር ግን ለልጆቹ ሳይነግር ይቀራል። ነርሷ ስትመጣም፣ «ፈተና ደርሷል፤ ክፍለ ጊዜዬን አትውሰጂብኝ» ይላታል። እኛ መምህራንም እውነት አለን፤ ትምህርቱ ብዙ፣ ጊዜው አጭር ነው። ነገር ግን ያልበላው ልጅ «በልቻለሁ» ብሎ ይውጣል። ያስመልሰዋል። ማታ በሰፈሩ «መርዝ ሰጠቻቸው» ይባላል። በሚቀጥለው ጊዜ ወላጅ ልጁን ያስቀራል። የነርሷ ድካም ከንቱ ይሆናል።

አንዳንዱ የሆድ ትል ደም ይመጥጣል። ደም ያነሰው ልጅ ይደክማል፤ ትምህርት አይገባውም። አንድ ክፍለ ጊዜ ሲቆጠብ ዓመቱ ይባክናል።

«ከአንድ ብርቱ፣ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል። እናንተም ሦስተኛ ሁኑ። መምህሩን «መድኃኒቱ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑን ጻፉት፤ አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ። በዚያ ጠዋት ልጃችሁን አብሉ። ካመመው ለነርሷ ቶሎ ንገሩ፤ ወሬ አትንዙ።