ዋግ ፓስፖርት አይጠየቅም
ከአዲስ አበባ እስከ ንጆሮ፣ የስንዴን በሽታ ተከትሎ የተደረገ ጉዞ

በመስከረም ወር መጨረሻ፣ የአካባቢያችን ስንዴ እሸት መያዝ ሲጀምር፣ እኔ ወደ ኬንያ ለመሄድ ሻንጣዬን አዘጋጅ ነበር። የድኅረ ምረቃ ትምህርቴ በሰብል ጥበቃ ሲሆን፣ የጉዞው ዓላማ በንጆሮ የምርምር ማዕከል የስንዴ ግንድ ዋግ እንዴት እንደሚለካ መማር ነበር። ምሥራቅ ጎጃም ያለው አባቴ ስልክ ደውሎ፣ «ልጄ፣ ዋግ ለማየት ኬንያ ድረስ ምን አስኬደህ? እኛ ማሳ ላይ መች አጣኸው?» አለኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2003 ዓ.ም የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ሲዛመት የእኛም የኩብሳ ስንዴ ተመትቶ ነበር። ማጭድ ይዘን የገባነው እህል ልናጭድ ነበር፤ ያጨድነው ግን ገለባ ነው። አውድማው ላይ የቀረው ፍሬ የተጨማደደ ስለነበር ለዘር እንኳን አልሆነም።

ጉዞውን በመኪና ያደረግነው አራት ሆነን ነው። በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አልፈን በሁለተኛው ቀን ሞያሌ ገባን። ድንበሩ ላይ ፓስፖርታችን ታየ፤ ሻንጣችን ተፈተሸ። ዘርም ሆነ የታመመ ቅጠል አልያዝንም። የስንዴ ዘር ለሙከራ ወደ ሌላ አገር የሚሄደው ተመርምሮና የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ብቻ ነው።

ከሞያሌ ወዲያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ ሾፌራችን የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በጥንቃቄ ነዳ። እስከ ማርሳቢት ያለው መሬት ደረቅና ድንጋያማ ነው፤ ግመልና ፍየል እንጂ የሚታረስ ማሳ አላየንም። ኢሲዮሎን አልፈን ወደ ኬንያ ተራራ ግርጌ ስንወጣ ግን ቲማው አካባቢ ሰፋፊ የስንዴ ማሳዎች ታዩን። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን የሚያሳየውን ምልክት አለፍን። ከዚያም በናኩሩ አድርገን ንጆሮ ደረስን።

መንገዱ ለእኛ ብዙ ቀን ፈጀብን። ዋግ ግን እንዲህ አይደክምም። ብናኙ በነፋስ ተሸክሞ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ዩጂ99 የተባለው አደገኛ የግንድ ዋግ እ.ኤ.አ. በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ ተገኘ። ቀጥሎ ወደ ኬንያ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ኢትዮጵያ፣ በ2006 ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ገባ። ለዚህ ነው የኬንያ በሽታ የእኛም ጉዳይ የሚሆነው።

ንጆሮ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ የምትገኝ ደጋ ናት። አየሯ ለግንድ ዋግ ስለሚመች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከብዙ አገሮች የሚላኩ በሺዎች የሚቆጠሩ የስንዴ ዓይነቶች በየወቅቱ እዚያ ይዘራሉ። በመካከላቸው በቀላሉ የሚታመም ስንዴ ይዘራና ሆን ተብሎ በዋግ እንዲያዝ ይደረጋል፤ በሽታው ከእሱ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። ማሳው ሲታይ አንዱ መስመር አረንጓዴ ሆኖ ሲቆም፣ ጎኑ ያለው ግንዱ ቀይ ዝገት ለብሶ ተሰባብሮ ይገኛል።

የእኛ ሥራ በየመስመሩ እየሄዱ የግንዱ ስንት በመቶ እንደተያዘና ቁስሉ ትንሽ ይሁን ትልቅ መመዝገብ ነው። በቤተ ሙከራው ደግሞ ዋጉ የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚለየው ልዩ ልዩ የመከላከያ ዘረመል ባላቸው የስንዴ ችግኞች ላይ ተረጭቶ ነው። የትኛው ችግኝ እንደታመመ ታይቶ ዋጉ በአምስት ፊደላት ይሰየማል። በአገራችን ይህ የመለየት ሥራ በአምቦ የምርምር ማዕከል ይከናወናል።

ይህ ለገበሬ ምን ይጠቅማል? የዲጋሉ ታሪክ መልስ ይሰጣል። ከ2003ቱ ጉዳት በኋላ ብዙ አርሶ አደሮች ቢጫ ዋግን የሚቋቋመውን ዲጋሉን ዘሩ። ዲጋሉ ዩጂ99ንም ይቋቋም ነበር። ሆኖም በ2006 ዓ.ም ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ በባሌና በአርሲ የዲጋሉን ማሳ አወደመ። የስንዴው ዝርያ ያው ነው፤ የተለወጠው ዋጉ ነው። አንድ ዝርያ በሰፊው መዝራት አደጋ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከንጆሮ ስንወጣ ማሳ ውስጥ የለበስነውን ጋዋንና ጫማ እዚያው ትተን፣ ሌላውን ልብሳችንን አጥበን ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1979 ቢጫ ዋግ የገባባት በመንገደኛ ልብስ ላይ ተጣብቆ ሳይሆን እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ከታመመ ማሳ ወደ ጤነኛ ማሳ የሚገባ ሰው ሁሉ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ስመለስ አባቴን ያገኘሁት ማሳው ዳር ነው። ጥያቄውን የመለስኩለት በሥራ ነበር። አብረን እየዞርን በየሰባት እርምጃው ጎንበስ ብለን ግንዱንና የቅጠሉን ሥር አየን። የግንድ ዋግ ረዘም ያለ፣ የሸክላ ቀለም ያለው፣ የግንዱን ቆዳ የሚቀድ ቁስል ነው። ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ላይ ተሰልፎ ይወጣል። የቅጠል ዋግ ደግሞ ክብና የተበታተነ ነው። በጣት ሲታሽ ሁሉም ቀለም ይለቃል።

ምልክቱ እንደታየ በዚያው ቀን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ መንገር ያስፈልጋል። ኬሚካል የሚረዳው ገና ጥቂት ቁስል ሲታይ፣ በመመሪያው መጠን ሲረጭ ነው፤ ግንዱ ከተሸፈነ በኋላ የሚረጭ ኬሚካል የባከነ ገንዘብ ነው። ለመታጨድ ሦስት ሳምንት የቀረው ያማረ ስንዴ በግንድ ዋግ ገለባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች መርጫውንና ኬሚካሉን ከመስከረም በፊት ማዘጋጀት፣ አሰሳውን በየሳምንቱ ማካሄድ፣ ዘር ሲያቀርቡም ከአንድ በላይ ተቋቋሚ ዝርያ ማሰራጨት ይኖርባቸዋል።

በዚያ ቀን የአባቴ ማሳ ንጹሕ ነበር። «በሚቀጥለው ሳምንት እኔው አያለሁ» አለኝ፤ ሁለት ዝርያ ከፍሎ የዘራውንም መሬት በእጁ አሳየኝ።