በሪንጉ ያሸነፈ፣ ከሪንጉ ውጪ የተሸነፈ

  ዛሬ የምናነሳው የቦክሰኛውን ማይክ ታይሰንን ጉዳይ ነው። ቦክስን ልናወድስ አይደለም፤ ፊትን መምታት በሐዲስ የተከለከለ በመሆኑ ብዙ ዑለሞች አይፈቅዱትም። ዓላማችን ከሰውየው ሕይወት ትምህርት መውሰድ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታይሰን በ1966 በኒውዮርክ ብሩክሊን ተወለደ። በልጅነቱ በስርቆት ተደጋግሞ ተይዟል። ካስ ዳማቶ የሚባል አዛውንት አሠልጣኝ ወስዶ አሠለጠነው፤ እናቱ ስትሞትም ሕጋዊ አሳዳጊው ሆነ። ልጁ በ1986 ገና በ20 ዓመቱ ትሬቨር በርቢክን በ2ኛው ዙር አሸንፎ በዕድሜ ትንሹ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ለመሆን በቃ። በ1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሴኮንድ ጣለው።

ታዲያ እሱን ማን ጣለው? አሳዳጊው በ1985 ሞቶ ነበር። ሪንግ ውስጥ ዳኛ አለ፣ ደወል አለ፣ ሕግ አለ። ከዚያ ውጪ ግን «ተው!» ብሎ የሚያስቆመው ጠፋ። በ1990 ልምምዱን ችላ ብሎ ቶኪዮ ላይ በበስተር ዳግላስ ተዘረረ። በ1992 በአስገድዶ መድፈር ወንጀል ተፈርዶበት እስከ 1995 ታሰረ። እስር ቤት ሳለ ሰለመ። ሆኖም በ1997 የኢቫንደር ሆሊፊልድን ጆሮ ነክሶ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ 3 ሚሊዮን ዶላርም ተቀጣ። ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ያገኘ ሰው በ2003 ኪሳራ አወጀ። አደንዛዥ ዕፅ ይወስድ እንደነበርም ኋላ በራሱ አንደበት ተናግሯል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሸሃዳ የመንገዱ መጀመሪያ ነው፤ ከነፍስ ጋር የሚደረገው ትግል ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ብርቱ ማለት ሰውን ታግሎ የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛ መሆኑን አስተምረውናል።

ወደየቤታችን እንመለስ። ንግድ የቀናው ወይም ከዐረብ አገር ገንዘብ ይዞ የተመለሰ ልጅ አለን። ብር ሲሰጠን እንመርቀዋለን። የት እንደሚያመሽ፣ በጫትና በቁማር ስንት እንደሚያጠፋ ለመጠየቅ ግን እጁን እንዳይሰበስብብን እንፈራለን። ይህ ዝምታ ፍቅር አይደለም። እናት በለሰለሰ ቃል፣ አባት በግልጽ፣ እሱ የሚያከብረው አጎት ወይም ሸኽም ለብቻው አስቀምጦ ይምከረው፤ በሰው ፊት አናዋርደው።

ታይሰን በ2010 መካ ሄዶ ዑምራ አድርጓል። የተውባ በር ክፍት ነው፤ ያለፈው ዕድሜ ግን አይመለስም። አላህ ልጆቻችንን ከነፍሳቸው ክፋት ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።