ድንጋዩ ጢም ሲያበቅል፦ ስለ ጨው ውሃ አኳሪየም አልጌ ተረትና እውነታ

የጨው ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው፣ እንግዳ ሲመጣበት ዓይኑ ቀድሞ የሚሄደው ወደ መስታወቱ ነው። ማታ ተወልውሎ ያደረው መስታወት ጠዋት ቡናማ አቧራ ለብሷል። ባለፈው ወር ነጭ የነበረው ድንጋይ አረንጓዴ ጢም አብቅሏል። ምክር ያኔ ይጎርፋል፤ አንዱ መብራቱን አጥፋ ይላል፣ ሌላው ቀንድ አውጣ ግዛ፣ ሌላው መድኃኒት ጨምርበት። ይህ ጢም የሚበላው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። አልጌ (ዋቅላሚ የሚሉትም አሉ) በብርሃን ጉልበት ስኳር ይሠራል፤ ሰውነቱን ለመገንባት ግን ናይትሬትና ፎስፌት ያስፈልገዋል። ሁለቱም በአብዛኛው የሚመጡት እኛው በጣታችን ቆንጥረን ከምንጥለው የዓሣ ምግብ ነው።

ተረት፦ አልጌ የታየበት አኳሪየም ተበላሽቷል።

እውነታ፦ አልጌ የሌለበት ሕያው የጨው ውሃ ገንዳ የለም። በአዲስ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሸዋውን የሚያለብሰው ቡናማ ዱቄት ዲያቶም ይባላል። ቅርፊቱን የሚሠራው ከሲሊካ ስለሆነ፣ ውሃው ውስጥ ያለው ሲሊኬት ሲያልቅበት ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ድንጋይ ላይ እንደ ቀለም የሚጋገረው ሐምራዊ ኮራላይንም አልጌ ነው፤ እሱን ግን ባለ አኳሪየሞች ሁሉ ይመኙታል። ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ ራሱ በሥጋው ውስጥ ዞዛንቴሌ የሚባሉ ደቃቅ አልጌዎችን አስጠግቶ ይኖራል፤ አብዛኛውን ስንቁን የሚያገኘውም ከእነሱ ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ እነዚህን አልጌዎች ያጣና ይነጣል። ስለዚህ ከመፋቅ በፊት የበቀለው የትኛው እንደሆነ መለየት ይቀድማል።

ተረት፦ መመርመሪያው ፎስፌት ዜሮ ነው ካለ፣ የአልጌው መንስኤ ምግብ አይደለም።

እውነታ፦ መሶቡ ባዶ ስለሆነ እንጀራ አልተጋገረም አይባልም፤ ተበልቶ ይሆናል። መመርመሪያው የሚለካው ውሃው ውስጥ የተረፈውን እንጂ አልጌው ገና ድሮ የዋጠውን አይደለም። ድንጋዩ በረጅም አረንጓዴ ጢም ተሸፍኖ ውሃው ዜሮ ካሳየ፣ ፎስፌቱ ያለው ጢሙ ውስጥ ነው። ድንጋይና አሸዋም ፎስፌት ያከማቻሉ፤ ውሃው ሲጠራ ቀስ እያሉ መልሰው ይለቁታል። ምግብ ከቀነሱ በኋላ አልጌው ለወራት አልሞት የሚለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ተረት፦ እንግዲያው ናይትሬትንም ፎስፌትንም ዜሮ ማድረግ ነው።

እውነታ፦ ብዙ ሰው ከአረንጓዴው ጢም ወጥቶ ወደ ባሰው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኮራልም ሌሎች ጠቃሚ ተሕዋስያንም ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች ጥቂት ይፈልጋሉ። ውሃው ፈጽሞ ሲራቆት እነሱ ይደክማሉ፣ ቦታው ክፍት ይሆናል፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው ዳይኖፍላጄሌት የሚባል ደቃቅ ተሕዋስ ይገባል። ምልክቱ የአየር አረፋ ያንጠለጠለ ቡናማ ንፍጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ይሳሳል፣ መብራት ሲበራ ተመልሶ ይወፍራል። አንዳንዱ ዝርያ መርዝ ስላለው ቀንድ አውጣዎችን ይፈጃል። ኮራል ያለበት ገንዳ ውስጥ ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ደግሞ ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን ለብዙ ሰው ይስማማል። ፎስፌት የሚመጥ ማጣሪያ ሲገባም በጥቂት መጠን፣ እየለኩ ነው።

ተረት፦ ቀዩ ሙልጭልጭ ምንጣፍም አልጌ ነው።

እውነታ፦ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ስሙ እንደሚናገረው ባክቴሪያ። በእጅ ሲነኩት እንደ ቆዳ ተልጦ ይነሳል። የሚመቸው ውሃ የማይንቀሳቀስበትና ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ጥግ ነው። በቱቦ ስቦ ማውጣትና የውሃውን ፓምፕ ወደዚያ ጥግ ማዞር ይረዳል። በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሊሞት ይችላል፤ ነገር ግን የሞተው ሲበሰብስ ኦክስጅን ይሻማል፣ ጥጉም እንደነበረ ከቀረ ተመልሶ ይመጣል።

ተረት፦ መብራት ማጥፋት ወይም ውሃ መቀየር ብቻውን ይበቃል።

እውነታ፦ የሦስት ቀን ጨለማ አልጌውን ያዳክመዋል፤ የሞተው ካልወጣ ግን በስብሶ ለሚቀጥለው ማዳበሪያ ይሆናል። መብራቱ የሚበራበትን ጊዜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓታት መወሰን የተሻለ ነው። ውሃ መቀየርንም ሒሳቡ ይናገራል፦ ናይትሬቱ 40 ቢሆን፣ አንድ አሥረኛውን ውሃ በንጹሕ መተካት የሚያወርደው ወደ 36 ብቻ ነው። የሚጨመረው የቧንቧ ውሃ ከሆነ ደግሞ ናይትሬት፣ ፎስፌትና ሲሊኬት ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ጨው የሚቀላቀልበት ውሃ በጥሩ ማጣሪያ ያለፈ መሆን አለበት።

ተረት፦ አልጌ የሚበላ እንስሳ ከተገዛ ሥራው አበቃ።

እውነታ፦ የጋጮቹን ጉልበት ባሕሩ ራሱ መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ1983 ባለረጅም እሾሁን ጥቁር የባሕር ጃርት የሚገድል በሽታ ካሪቢያን ገባ፤ በአንድ ዓመት ገደማ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጃርቶች አለቁ። ጃማይካ ላይ አልጌ የሚበላው ዓሣም ቀድሞ በአጥማጆች ተመናምኖ ስለነበር ጋጭ ጠፋ። በ1970ዎቹ መጨረሻ 4 በመቶ የነበረው የአልጌ ሽፋን በ1990ዎቹ መጀመሪያ 92 በመቶ ደረሰ፤ ኮራሉ ከ52 ወደ 3 በመቶ ወረደ።

ገንዳ ግን ባሕር አይደለም። የተበላው አልጌ ኩስ ሆኖ እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀራል። ጋጮቹም ግጦሽ ይመርጣሉ፦ ቱርቦ የሚባለው ቀንድ አውጣ ብዙውን ጊዜ አጭሩን እየላጨ ረጅሙን ይተወዋል፤ ቀዩን ሙልጭልጭ ምንጣፍ የሚደፍር እምብዛም የለም። ሐምራዊ ታንግ የሚባለው የቀይ ባሕር ዓሣ ጎበዝ ጋጭ ነው፤ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ስለሚያድግና ሲዋኝ ስለሚውል ግን ለጠባብ ገንዳ አይሆንም። ረጅሙን ጢም በእጅና በጥርስ ብሩሽ ነቅሎ አውጥቶ፣ የቀረውን አጭሩን ለቀንድ አውጣ መተው ነው የሚያዋጣው።

ተረት፦ አልጌ የሚገድል መድኃኒት አቋራጭ መንገድ ነው።

እውነታ፦ መዳብ ያለበት መድኃኒት አልጌውን ሊገድል ይችላል፤ ቀንድ አውጣውን፣ ሸርጣኑንና ኮራሉን ግን ከእሱ አያስቀርም። ድንጋዩና አሸዋውም መዳቡን ይይዙታል።

አልጌን በአልጌ ማሸነፍ ግን ይቻላል። በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪ የነበረው ዋልተር አዴይ የኮራል ገንዳን ውሃ ብርሃን በበራበት ወንፊት ላይ እያፈሰሰ፣ እዚያ የሚበቅለውን አልጌ እያጨደ በማውጣት ያጠራው ነበር። ዛሬ ብዙዎች ከዋናው ገንዳ ሥር በተለየ ክፍል ኬቶሞርፋ የሚባለውን እንደ ክር የተጠቀለለ አልጌ ያሳድጋሉ። በየሳምንቱ እፍኝ ታጭዶ ሲወጣ ናይትሬቱና ፎስፌቱ አብሮት ይወጣል።

የታጨደው የት ይጣል? የትም ይሁን፣ ባሕር ውስጥ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሞናኮ ከሚገኘው የውቅያኖስ ሙዚየም ሥር ኮለርፓ የተባለ የአኳሪየም አልጌ አንድ ካሬ ሜትር ያህል በቅሎ ተገኘ፤ ቆይቶ በሜዲትራኒያን በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር አለበሰ። በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንዲያጎ አጠገብ ብቅ ሲል፣ በሸራ ተሸፍኖ ክሎሪን እየተደረገበት ጠፍቷል እስኪባል 6 ዓመትና ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። ከገንዳ የወጣ አልጌ በፌስታል ታስሮ ፍሪዘር ውስጥ ያድርና ከቤት ቆሻሻ ጋር ይሂድ።